ዘመዴ ናት

በ1987 ዓ.ም. ጥቅምት ሲጠባ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ቆጣሪ ነበርኩ። ብዙዎቻችን መምህራን ነበርን። ጠመኔ የለመደ እጅ ቅጽ መሙላት አያቅተውም ተብሎ መሰለኝ የተመረጥነው። አንድ ቦርሳ፣ አንድ ክምር ቅጽ፣ ጥቂት እርሳስና "የተነገራችሁን ጻፉ፣ አትከራከሩ" የሚል መመሪያ ይዘን በየሰፈሩ ተበተንን። ለእኔ የደረሰኝ ከመሐል ከተማ ብዙም የማይርቅ፣ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ላይ የተነባበረበት፣ አንዱ ቤት የት ላይ አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ከነዋሪው በቀር ማንም የማይለየው ሰፈር ነበር።

ከነዚያ ግቢዎች አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሩ ላይ የቀበሌ የቤት ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ቆርቆሮ ተመትቷል። "ቤቶች!" ብዬ ገባሁ። አንዲት እናት ቡና እየቆሉ ነበር። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር፣ ሁሉንም ሳይሰለቹ ነገሩኝ። ቤቱ የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው "የቀበሌ ነው ልጄ፤ በወር ስድስት ብር እከፍላለሁ፤ ደረሰኙም ይኸው" ብለው ከፍራሽ ሥር የተጣጠፈ የወረቀት እሽግ አወጡልኝ። አላልኳቸውም እንጂ ደረሰኝ አምጡ ብዬ አልጠየቅኩም። ግን ደረሰኝ ያለው ሰው እንዲህ ነው፤ ሳይጠየቅም ያሳያል።

ከቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ የተሠራች አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረች። ጢስ ይወጣታል፣ ልጅ ያለቅስባታል። "እዚያስ ማን አለ እማማ?" አልኳቸው። ቡናውን ማማሰል ሳያቋርጡ "እሷ ዘመዴ ናት" አሉኝ። ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ብቅ አለች። "ዘመዳቸው ነሽ?" አልኳት። "አዎ፣ ዘመዳቸው ነኝ" አለች መሬት መሬት እያየች። ጻፍኩ።

በማግሥቱ የዘለልኩት ጥያቄ ኖሮ ስመለስ እማማ ገበያ ወጥተዋል። ሴትዮዋ ብቻዋን እንጀራ ትጋግራለች። ወሬ ወሬን አነሳና "ጋሼ፣ አደራዎን እንዳይጽፉት እንጂ እኔ እንኳን ዘመዳቸው አይደለሁም፤ በወር አርባ ብር ነው የምከፍላቸው" አለችኝ።

ቅጹ እጄ ላይ ነው፤ እርሳሱም እንደዚያው። ነገር ግን አልሰረዝኩትም። መመሪያው የተነገረህን ጻፍ ይላል፤ እሷም አደራ ብላኛለች። ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ጓዳ፣ ሁለት ኪራይ የነበረበት ግቢ "አንድ ቤት፣ ከቀበሌ የተከራየ" ተብሎ ወደ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ተላከ።

ይህን የቆየ ነገር ያስታወሰኝ በቀደም አንድ ወዳጄ ሻይ እየጠጣን ያነሳብኝ ጥያቄ ነው። "ለመሆኑ በአዲስ አበባ ስንት ቤት ነው የሚከራየው? ስንቱስ የመንግሥት፣ ስንቱስ የግል ነው?" አለኝ። ተራ ጥያቄ ይመስላል። ሲያዩት የመደብና የመደመር ጉዳይ ነው። ግን አንባቢ ይፍረደኝ፤ ግማሹን ጥያቄ ማንም የቀበሌ ጸሐፊ ይመልሰዋል፤ ሌላውን ግማሽ የሚመልስ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር የተሰጠችው ለመኳንንቱ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ስሞች ያንን ይመሰክራሉ። ከተማዋ እየደመቀች፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ሥራ ፈላጊው እየጎረፈ ሲመጣ መሬት ያለው ሰው በመሬቱ ላይ ረድፍ ረድፍ የጭቃ ቤት እየሠራ ማከራየት ያዘ። በ1954 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 443,728 ደርሶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው የራሱ መሬት የነበረው ጥቂቱ ነው። የቀረው ተከራይ ነው። ያኔ "የሚከራይ ቤት" ማለት የግል ቤት ማለት ነበር፤ መንግሥት የሚባል ትልቅ አከራይ ገና አልተወለደም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ኪራይን የሚያየው እንደ ሁለት ሰዎች ውል ነው። ውሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቃል ነው። ባለቤቱ በወር መጨረሻ ይመጣል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ስንት ቤት እንዳለው የሚያውቀው እሱና ብር ሰብሳቢው ናቸው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተገለበጠ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ አንድ ቤት ብቻ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ። የተረፈው ሁሉ "ትርፍ ቤት" ተባለና ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለከተማ ልማትና ቤት ሚኒስቴር፣ በኋላም ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆኑ። ዝቅተኛው ኪራይ በግማሽ ተቀነሰ፤ ከፍ ያለውም እንደ ደረጃው ቅናሽ አገኘ። ለድሃው ተከራይ ይህ ዕልልታ ነበር። ያን ጊዜ የጨፈሩትን ሰዎች ዛሬ ላይ ቁጭ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አልወቅሳቸውም። የቤት ኪራይ ያስለቀሰው ሰው ያውቀዋል።

ይሁንና አዋጁ ሌላም ነገር አድርጓል። የአከራይና ተከራይን ግንኙነት አፍርሷል፤ ማንም ሰው ከቤት ኪራይ ገቢ እንዳያገኝ ከልክሏል። ይህን በቁጥር ዓይን እንየው። ከዚያች ቀን በኋላ የመንግሥት ኪራይ ቤት እንደ ልብ ይቆጠራል። አከራዩ ራሱ ቆጣሪ ሆኗላ! ቤቱ ቁጥር አለው፣ በመዝገብ ሰፍሯል፣ በየወሩ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ቀበሌው ስንት ቤት እንዳለው ለማወቅ የደረሰኝ ጥራዝ መግለጥ በቂ ነው። የግል ኪራይ ቤትስ? እሱ በሕግ ዜሮ ነው። ሊኖር አይችልም ተብሏል፤ ስለዚህ የለም።

ሰው ግን አዋጅ አይቶ መወለድ አያቆምም፤ ከገጠር መምጣትም አያቆምም። በግንቦት 1976 በተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ሰው ደርሳ ተገኘች። ቀበሌ ደግሞ ቤት ያከራያል እንጂ እምብዛም አይሠራም። የመጣው ሰው ታዲያ የት ገባ? አማርኛችን መልሱን አስቀምጦልናል። "ደባል" ሆነ፤ ጓሮ ገባ፤ ሳሎን በመጋረጃ ተከፈለ፤ ቆጥ ተሠርቶ አልጋ ወጣበት። ወጣቱ ተማሪ "የእህቴ ልጅ"፣ ወዛደሩ "ያገሬ ሰው"፣ እንጀራ ጋጋሪዋ "ዘመዴ" ተባሉ። የዝምድና ቃላችን ሁሉ የኪራይ ውል ሆኖ አገለገለ። አከራዩም እውነቱን ቢናገር ቤቱን ያጣል፤ ተከራዩም ቢናገር ማደሪያውን ያጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ ውሸቱ ለሁለቱም ጣሪያ ነበር።

ደርግ በመጨረሻ ዘመኑ፣ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ በሩ ገርበብ አለ። ከ1983 በኋላ ደግሞ የግል ቤት ማከራየት በግልጽ ተመለሰ። ደላላው ከተደበቀበት ወጣ፤ "ሰርቪስ ይከራያል" የሚል ወረቀት በየመብራት እንጨቱ ተለጠፈ። አሁን እንግዲህ ቁጥሩ ይታወቃል ብለን ጠበቅን። አልሆነም። የድሮው ፍርሃት ውርስ ነበር፤ አዲሱ ፍርሃት ግብር ሆነ። የ1994ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ከቤት ኪራይ የሚገኝን ገቢ ሠንጠረዥ "ለ" ብሎ ለብቻው አስቀመጠው። ግብር መክፈል ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ግቢ ገብቶ "ስንት ክፍል አለ? ማን ይኖርበታል?" ሲል፣ ባለቤቲቱ ይህ ሰው ከስታቲስቲክስ ይምጣ ከገቢዎች በምን ታውቃለች? ስለዚህ የለመደችውን ትላለች። "ዘመዴ ናት።"

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስና እርሳስ ላንሳ። በግንቦት 1999 በተካሄደው ሦስተኛው ቆጠራ በአዲስ አበባ 662,728 ቤተሰቦች በ628,984 መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ይኖሩ ነበር። ገና ከመነሻው ቤተሰቡ ከቤቱ በ33,744 ይበልጣል። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ቢያንስ ይህን ያህል ቤተሰብ ከሌላው ጋር አንድ በር እየተጋራ ነበር ማለት ነው። ቀጥለን የመንግሥቱን እንቀንስ። የከተማዋ የቀበሌ ቤት በየጊዜው ሲጠቀስ የኖረው ወደ 150 ሺህ ነው። ድሮ ኪራይ ቤቶች፣ ኋላ የመንግሥት ቤቶች ኤጀንሲ፣ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የተባለው መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ወደ 18 ሺህ ይጠጋል፤ ከዚህ ውስጥ ሱቅና ቢሮ የሆነ አለበት፣ ድሬዳዋ ያለም አለበት። ነገሩን እንዳናከብደው ሁለቱንም ከ628,984 ላይ እናንሳው። የሚቀረን 460 ሺህ ገደማ ቤት ነው።

ይህ ቀሪው ሕዝብ ነው የግል የምንለው። ግን "የግል" ማለት ምን ማለት ነው? ባለቤቱ የሚኖርበት አለ፤ ለሌላ ያከራየው አለ፤ በነጻ ለእህቱ የለቀቀው አለ፤ ግማሹን ኖሮበት ግማሹን ያከራየው አለ። ሦስቱን ከአንዱ ለመለየት ያለን መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየውን መጠየቅ። ሰውየው ደግሞ ምን እንደሚል አይተናል። ከመቶ አሥሩ ብቻ "ዘመዴ ነው" ብሎ ተከራዩን ቢሸሽግ 46 ሺህ ቤት ከመዝገብ ወጣ ማለት ነው። በአንድ ቤት አራት ሰው ብንል ከ180 ሺህ በላይ ሕዝብ ነው። አንድ ሙሉ ከተማ! ይህ እንግዲህ በግል ቤቶች ብቻ ነው። የእማማን ግቢ የመሰለው፣ በመንግሥት ቤት ጓሮ የበቀለው የግል ኪራይ ገና አልገባበትም። እሱ በመንግሥት ዓምድ ሥር ተቆጥሮ አልቋል።

"ሌላ ዘዴ የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። እኔም አስቤበት ነበር። የመብራት ቆጣሪ እንቁጠር ብል፣ አንድ ቆጣሪ ለአምስት ቤተሰብ ተጠልፎ አየሁት። መቼም አማርኛችን ለቤቱ ቆጣሪም ለመብራቱ ቆጣሪም አንድ ስም መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ያሳዩትን ብቻ ነው የሚመዘግቡት። የውኃ ቧንቧም እንደዚያው ነው። የግብር መዝገብ ያሳወቀውን እንጂ ያለውን አያሳይም። ከ1997 ወዲህ የመጣው ኮንዶሚኒየም እንኳን ነገሩን ሌላ መልክ ሰጠው። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን እስከ አምስት ዓመት መሸጥ ስለማይችልና የባንክ ዕዳም ስላለበት፣ ብዙው ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ቤት ተከራየ። ይህን ሰው የት እንመድበው? በመዝገብ የቤት ባለቤት ነው፤ በኑሮው ተከራይ ነው፤ ለሌላው አከራይ ነው። ቤቱን የሠራው መንግሥት ነው፤ ኪራዩ የግል ነው። የመንግሥትና የግል ብለን ያሰመርነው መስመር በዚህ ሰው ጀርባ ላይ ያልፋል።

ከ1999 በኋላ ደግሞ ሌላ ቆጠራ በጊዜው አልመጣም። በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል የተባለው ተላለፈ፤ በ2011 እንደገና ተላለፈ። በመካከሉ የሚደረጉ የናሙና ጥናቶች አሉ፤ ይጠቅማሉም። ነገር ግን ናሙና ማለት ከድስቱ አንድ ማንኪያ መቅመስ ነው፤ ድስቱ ምን ያህል እንደሚይዝ አይነግርም።

ይህ ሁሉ ስለ ቁጥር ምን አስጨነቀህ የሚሉኝ አሉ። ስንት ይሁን ስንት፣ ሰው እንደሆነ ይኖራል ይላሉ። እኔ ግን ነገርዬው ከቁጥር ያለፈ ነው እላለሁ። በሚያዝያ 2012 ለኮሮና በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። ደግ ሕግ ነው። ግን "ዘመድ" ከቤት ሲወጣ የትኛው ሕግ ይመለከተዋል? ተከራይ መሆኑን በምን ያስረዳል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይህን የተረዳ ይመስላል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ጭማሪም እንደ ልብ አይሁን ይላል። አዋጁን ሰው የሚያወራው በኪራይ ዋጋው ነው። እኔን የሳበኝ ግን ምዝገባው ነው። ከ1967 ወዲህ መንግሥት ራሱ ያላከራየውን ቤት አንድ በአንድ ላውቅ ያለው በዚህ ነውና።

ይሳካ ይሆን? እንደ ታሪኩ ከሆነ አንድ ነገር ላይ ይወሰናል። ሰዎች እውነቱን ሲናገሩ ከሚያጡት ይልቅ የሚያገኙት ከበለጠ ይሳካል። በደርግ ጊዜ እውነት መናገር ቤት ያስነጥቅ ነበር፤ ኋላ ግብር ያስከፍል ጀመር፤ አሁን ደግሞ ተከራዩን "ከተመዘገብክ ልቀቅልኝ" እንዳያስብል ያሰጋል። ምዝገባው ለተከራዩ ጋሻ መሆኑ በተግባር ከታየ፣ ዘመድ የተባለው ሁሉ ቀስ በቀስ በስሙ ይጠራል። ካልሆነ ግን ያው የለመድነው ይቀጥላል፤ በወረቀት አንድ ዋጋ፣ በእጅ ሌላ ዋጋ፤ በወረቀት አክስት፣ በኪስ አከራይ።

ያቺን እንጀራ ጋጋሪ ከብዙ ዓመት በኋላ አግኝቻታለሁ። አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ "ጋሼ፣ የቆጠራው!" የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞርኩ። ፀጉሯ ሸብቷል። ያ ስታዝለው የነበረው ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ከጎኗ ቆሟል። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ፈርሷል። እማማ ከዚያ በፊት አርፈዋል፤ የቀበሌው ውል ወደ ልጃቸው ዞሮ፣ ልጁ ምትክ ቤት አግኝቷል። ምትክ የሚሰጠው በስሙ ውል ላለው ነዋ። "አንቺስ?" አልኳት። ሳቅ አለች። "እኔማ ዘመድ ነበርኩ እኮ ጋሼ" አለችኝ።

በእርግጥ የእኔ ቅጽ ቢስተካከልም ቤት አያሰጣትም ነበር። የቆጠራ ቅጽ ምስጢር ነው፤ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ያን ሰፈር ለማፍረስ ያቀዱ ሰዎች ስንት ቤተሰብ እንደሚነሳ ሲያስሉ ፊታቸው የነበረው ድምር፣ እኔንና እኔን የመሰሉ ቆጣሪዎች ለቃቅመን የላክነው ነው። በዚያ ድምር ውስጥ የእሷ ምድጃ አልነበረም። ከተማ የሚታቀደው ለተቆጠረው ነው፤ ያልተቆጠረው ሲፈርስም ድምፁ አይሰማም።

ለወዳጄ የመለስኩለት እንዲህ ብዬ ነው። የመንግሥቱን ኪራይ ቤት ደረሰኙን ቆጥረህ ታገኘዋለህ። የግሉን ማወቅ ከፈለግህ ግን መጀመሪያ በአዲስ አበባ ስንት ዘመድ እንዳለ ጠይቅ።

ታክሲው መጣ። እሷና ልጇ ገቡ፤ ቦታ ስላልነበረ እኔ ቀረሁ። አሁን የት እንደምትኖር ሳልጠይቃት ነበር። ብጠይቃትም "ዘመድ ጋ ነኝ" ማለቷ አይቀርም።